ለእንቁጣጣሽ የወረቀት አደይ አበባ ካርድ፦ ፊቱ እንዳይጎብጥ ምን ይሻላል?

የጉለሌዋ (ነሐሴ 9፣ 2018)

ሰላም ቤተሰብ፣ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? የጊቢያችን ልጆች ለእንቁጣጣሽ ስዕል ይዘው ለመዞር ከወዲሁ ተነሥተዋል። አምና ሁሉም ያንኑ ፀሐይና ያንኑ ጎጆ ቤት ስለሳሉ ዘንድሮ ሌላ እንሞክር አልኳቸው። የሚታጠፍ ካርድ፣ ፊቱ ላይ ከወረቀት ተቆርጦ የተደራረበ አደይ አበባ ያለበት። በእጅ ሲነካ ብድግ የሚል ዓይነት።

አበባው ያምራል፣ ካርዱ ነው ያስቸገረን። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለሁለት አጥፈን አበባውን በነጭ ኮላ እንለጥፋለን። ሲደርቅ ፊቱ እንደ ቂጣ ይኮማተራል፣ ስንዘጋው አፉን ከፍቶ ይቀራል። በዚህ ዝናብ ደግሞ ኮላው አይደርቅም፤ ማታ የለጠፍነው ጠዋትም እርጥብ ነው።

ሌላም አለ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ስለን ስንቆርጥ ትንንሾቹ ይሰለቻሉ። ስምንቱን እኩል አድርጎ ቶሎ የሚቆርጥ ዘዴ ያለው ይንገረኝ። ቢጫ ወረቀትም እንደ ድሮው በየሱቁ የለም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ባለሙያዎች፣ ወዲህ በሉ!


ጥራዝ ቤት

እህቴ፣ ልጆቹን አትቆጫቸው፣ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። እኔ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ስናጥፍ ነው የምንውለው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። አበባ ለመቁረጥ ሸጋ ነው፣ አበባ ለመሸከም ግን ጉልበት የለውም። ለካርዱ አካል ከ200 እስከ 300 ግራም ያለውን ፈልጊ። ግራሙን የማያውቅ ባለሱቅ ካጋጠመሽ "ሰርተፍኬት የሚታተምበት ዓይነት" በይው፣ ይገባዋል።

ስለ ኮላው። ነጭ ኮላ ውሃ አለው። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የጠጣው በአንድ ፊቱ ብቻ ስለሆነ ይጎብጣል። ስለዚህ የአበባውን ጀርባ በሙሉ መቀባት ይቅርባችሁ። እምብርቱ ላይ ብቻ አንድ ጠብታ ይበቃል። ቅጠሎቹ ነጻ ሲሆኑ ካርዱም አይጎተትም፣ አበባውም ብድግ ይላል። ስቲክ ኮላ ካገኛችሁ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ለልጆች እሱ ይሻላል። በዚህ ወር ግን የትኛውም ኮላ ቢሆን ጊዜ ስጡት፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ወረቀቱንም መስኮት ሥር አታስቀምጡት፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። ወረቀት አቅጣጫ አለው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ክሮቹ በአንድ ወገን ይተኛሉ። ወረቀቱን ሳትሰብሪው በቁመቱም በወርዱም ጎንበስ አድርገሽ ሞክሪው። በአንዱ በኩል ይታዘዛል፣ በሌላው ያንገራግራል። እጥፉ በሚታዘዝበት በኩል ይሁን። በሚያንገራግርበት ከታጠፈ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ካርዱም ተዘግቶ አይተኛም። "አፉን ከፍቶ ይቀራል" ያልሽው ግማሹ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል።

ከማጠፋችሁ በፊት ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ መሃሉን ጫን ብላችሁ አስምሩ። ከዚያ በመስመሩ ላይ እጠፉ። እኛ ጋ ማሽን አለ፣ ባዶ ቢክ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።


ሚሚ ዘባህር ዳር

የቅጠሉ ነገር የኔ ሥራ ነው 😄 አፀደ ሕፃናት ነው የማስተምረው። አንድ በአንድ መሳል ቀርቷል፣ በእጥፋት ነው የሚቆረጠው።

ካሬ ወረቀት ውሰጂ፣ 6 ሴንቲ በ6 ሴንቲ ይሁን። ለሁለት እጠፊው፣ እንደገና ለሁለት እጠፊው፤ ትንሽ ካሬ ይሆናል። ከአራቱ ማዕዘኖች አንዱ ምንም የማይከፈት፣ ድፍን ነው። እሱ የአበባው እምብርት ነው፤ በሁለት ጣትሽ ያዢውና እንዳትለቂው። ከእሱ ተነሥተሽ በሰያፍ አንዴ እጠፊ። ሦስት ማዕዘን ሆነልሽ፣ ስምንት ድርብ ነው። አሁን ሰፊውን ወገን በመቀስ ክብ አድርገሽ ቁረጪ፣ በግራም በቀኝም ጎኑን እየከረከምሽ ወደ እምብርቱ ውረጂ፣ 1 ሴንቲ ያህል ሲቀር አቁሚ። ዘርጊው። ስምንት ቅጠል!

ልጆች ሁለት ቦታ ይስታሉ። አንዱ የጣት ነገር ነው፤ እምብርቱን ትተው ሌላውን ጫፍ ይይዛሉ፣ ከዚያ አበባው ተበጣጥሶ መሬት ይወርዳል። ሳይጀመር ድፍኗ ማዕዘን ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊላቸው። ሁለተኛው፣ የክቡ አናት ከሦስት ማዕዘኑ መሃል መሆን አለበት። ወደ አንዱ ጎን ከተጠጋ ጎረቤታሞቹ ሳይለያዩ ይቀሩና አራት ሰፋፊ ቅጠል ያለው ነገር ይወጣል። ያም አይጣልም፣ ቢራቢሮ እናደርገዋለን።

እኔ ለአንድ አበባ ሦስት እቆርጣለሁ፤ 6፣ 4 ተኩልና 3 ሴንቲ። ስደራርባቸው የላይኛው ቅጠል በታችኛው ክፍተት ላይ እንዲውል ትንሽ አዞራለሁ። እምብርት ለእምብርት አጣብቂያቸው፣ ከዚያ ቅጠሎቹን በእርሳስ ላይ ጠቅለል እያደረግሽ ወደ ላይ አንሺ። ካልተነሡ ሦስት ብትደራርቢም አንድ ነው የሚመስለው።


ከእንጦጦ ሥር

ሥራችሁ ደስ ይላል። ግን ልጠይቅ፣ ባለ ሦስት ድርብ አደይ የት ተራራ ላይ ነው ያያችሁት? ያ ጽጌረዳ ነው፣ ቢበዛ ዳሊያ ነው። አደይ አንድ ረድፍ ቅጠል ብቻ ነው ያላት። አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ናቸው፣ ጠፍጣፋና ዘርዘር ያሉ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ በቁመቱ የሚወርዱ ስስ መስመሮች አሉ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩና ትንሽ ልጨምር። አደይ ከሱፍና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት። መሃሏ ላይ ያለው እንደ ነጠብጣብ የሚታየው ሁሉ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትንሽ አበባ ነው። አንድ አበባ የምንለው ብዙ አበባ የተሰበሰበበት ነው። እንግዲህ ከፍ ያለና የተጠቀጠቀ ነገር ከፈለጋችሁ ቦታው መሃሉ ነው። ቅጠሉን ተዉት፣ አንድ ረድፍ ይበቃታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወርዱ 1 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ የሆነ ብርቱካናማ ወረቀት ቁረጡ። አንዱን ጠርዝ በመቀስ እንደ ዘርፍ ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ሸንሽኑ፣ እስከ ግማሹ ብቻ። ከዚያ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ መጨረሻውን በኮላ ያዙት፣ ዘርፉን በአውራ ጣት በተን አድርጉት። እምብርቱ ላይ አስቀምጡት። አደይ ማለት ያቺ ናት።


ቤዛ የሀዋሳዋ

ኧረ ጋሼ፣ ልጆች እኮ ናቸው! ሰባት ቅጠልም ቢያደርጓት ጎረቤቱ ሳንቲሙን አይከለክላቸውም 😂


ከእንጦጦ ሥር

ልጄ፣ ሳንቲሙን ማን ከለከለ። ልጆቹ ግን መስከረም ላይ ከደጃቸው የምትበቅለውን አበባ ሳያዩ ከስልክ ላይ የፈረንጅ ጽጌረዳ ባይገለብጡ ደስ ይለኛል። አሳዩአቸው ነው የምለው።


ሚሚ ዘባህር ዳር

ጋሼ ስለ መሃሉ ያሉት ልክ ነው፣ የሚጠቀለለውን ዘርፍ ለተማሪዎቼ ወስጄዋለሁ። ስለ ድርቡ ግን አልተሸነፍኩም! አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ካርዱ ላይ ተለጣፊ ነው የሚመስለው።


ጥራዝ ቤት

በመሃል ልግባ። አደይ መቼ ብቻዋን በቅላ ታውቃለች? ችምችም ብላ ነው የምትወጣው፤ አንዷ ከፊት፣ ሌላዋ ከኋላ፣ ግማሽ ፊቷ የተደበቀም አለች። ድርቡን እዚያ አምጡት። ከኋላ ትንንሽና ጠፍጣፋ አበቦች በቀጥታ ካርዱ ላይ ይለጠፉ፣ ደበዝ ባለ ቢጫ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከእነሱ ፊት መካከለኛ። ከሁሉም ፊት አንድ ትልቅ፣ ቅጠሎቿ የተነሡ፣ መሃሏ ጋሼ እንዳሉት የተጠቀለለ። እያንዳንዷ አንድ ረድፍ ናት፣ ካርዱ ግን ሦስት ድርብ አለው። ሁለታችሁም ያላችሁት ሆነ ማለት ነው።

የፊተኛዋን ከፍ ለማድረግ በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ስፖንጅ ፕላስተር አለ። ውድ ነው ካላችሁ የብስኩት ካርቶን በትንሽ በትንሹ ቆርጣችሁ ሁለት ሦስቱን አነባብሩና ከሥሯ አድርጉ። ከፊት አይታይም።


የጉለሌዋ

ወይ ጉድ፣ ለካ እዚህ ቤት ዩኒቨርሲቲ አለ! ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አደዮች ገና ስላልወጡ ለልጆቹ የአምናውን ፎቶ አሳይቻቸው፣ አንዷ "እውነትም መስመር አለው" ብላ በባዶ እስክሪብቶ ቅጠሉ ላይ መስመር መሳብ ጀመረች። ሥሩ ደብተር አድርጋ ስትጫነው ወረቀቱ ራሱ ጎድጎድ ይልና እንደ እውነተኛው ያደርገዋል። ማንም ሳያሳያት!

የችምችሙን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። የቀረኝ የቢጫ ወረቀት ነገር ነው።


የቅመም ልጅ

ቢጫ ወረቀት ምን ያደርግልሻል፣ እርድ ቤትሽ አይደል? ነጭ ወረቀት ላይ ቀቢው። እርድ በትኩስ ውሃ በጥብጠሽ በጨርቅ አጥልይና በብሩሽ ወይም በጥጥ ሳብ ሳብ አድርጊበት። መንከር አያስፈልግም። ሳይታጠፍና ሳይቆረጥ ገና ሙሉ ወረቀት እያለ ይቀባ። ሲደርቅ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርገሽ በለዘብተኛ ካውያ ተኩሺው።

ከወረቀት ፋብሪካ ቢጫ ይልቅ እኔ ይኼን እመርጣለሁ። አንዱ ጋ ደመቅ፣ አንዱ ጋ ፈዘዝ ይላል፤ ስትቆርጪው እያንዳንዱ አበባ የራሱ መልክ ይኖረዋል።


ኬሚስቷ

የእርድ ቀለም በውሃ ብዙ አይሟሟም፣ ለዚያ ነው ዱቄቱ ሥር የሚቀረው። ፋርማሲ በሚሸጠው የቁስል አልኮል ብትበጠብጡት በደንብ ይወጣል። አልኮል ቶሎ ስለሚተን ወረቀቱም ያን ያህል አይሸበሸብም፣ በዚህ ዝናብ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይኼን ክፍል ትልቅ ሰው ይሥራው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰል ወይም ሻማ በሌለበት።

ደግሞ አንድ ጨዋታ ልጨምርላችሁ። እርድ የተቀባ ወረቀት ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። የልብስ ሳሙና በጥቂት ውሃ በጥብጡና የጥርስ እንጨት ጫፍ ነክራችሁ የቅጠሉን ሥር ነካ ነካ አድርጉት። ከእምብርቱ አጠገብ ያለው ሞቅ ብሎ ይጠቁራል፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ልጆች ዓይናቸው ሥር ቀለም ሲለወጥ ሲያዩ መጮሃቸው አይቀርም። ሎሚ ሲነካው ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል።

ማሳሰቢያም አለኝ። እርድ ፀሐይ አይወድም፣ መስኮት ላይ ከቆመ ይለቃል። የሚሰቀል ካርድ ከሆነ የፋብሪካ ወረቀት ይሻላል።


ቤዛ የሀዋሳዋ

ነጠላ ለብሳችሁ ብቻ እንዳትሞክሩት። የእርድ ነገር እናቴ ዘንድ ያስደበድባል።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። እኛም እዚህ በየዓመቱ ለዘመድ አዝማድ ካርድ እንልካለን። ወደ ሌላ ስቴት በፖስታ የምትልኩ እዚህ ያላችሁ፣ ውፍረቱን ተጠንቀቁ። ፖስታ ቤት እንደ ደብዳቤ የሚቀበለው እስከ ሩብ ኢንች ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ በታች ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ጉብ ያለ ከሆነ በማሽን አያልፍምና ተጨማሪ ቴምብር ይጠይቃል። ጋሼ ያሉት ጥቅልል መሃል ብቻውን 1 ሴንቲ ይቆማል። ለፖስታ ከሆነ ወርዱን 4 ሚሊ አድርጉትና በደንብ በትኑት፤ ከሥሯም ካርቶን አታነባብሩ።

ካርዱንም ለፖስታው ልክ ቁረጡት። ኤ-4 ወረቀት ለሁለት ቆርጣችሁ አንዱን ግማሽ ብታጥፉት 105 በ148 ሚሊ ይሆናል፤ ሲ-6 የሚባለው ፖስታ ውስጥ ልክክ ይላል። ሙሉውን ኤ-4 ካጠፋችሁት ደግሞ ሲ-5 ነው የሚያስፈልጋችሁ። መጀመሪያ ፖስታውን ግዙ፣ ከዚያ ካርዱን ቁረጡ። ካርድ ሠርቶ ፖስታ ፍለጋ መዞርን የመሰለ አሰልቺ ነገር የለም።

እውነተኛ አደይ አድርቆ ካርድ ላይ መለጠፍ የሚያስቡ ካሉ፣ እዚያው አገር ቤት ለሚሰጥ ያምራል። ወደዚህ ለሚላክ ግን ዕፅዋት ስለሆነ ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል። ደግሞ አበባዋ የምትወጣው በዓሉ ሲደርስ ነው፣ ካርዱ ከዚያ በፊት መነሣት አለበት። ወረቀት ይሻላል።


የጉለሌዋ

እህቴ እዚያው እናንተ ጋ ናት! እኔ ግን በፖስታ አይደለም የምልክላት፣ ጳጉሜ ላይ የሚመጣ ሰው አለ። ፍርሃቴ ሻንጣ ውስጥ ተጨፍልቆ እንዳይደርስ ነው። በርበሬና ሽሮ ሥር መሆኑ መቼም አይቀርም።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሆነማ መላ አለው። ከወፍራም ካርቶን መሃሉ የተቦረቦረ ክፈፍ ቁረጪ፣ ከአበባው ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። በካርዱ ፊት ላይ አስቀምጪው፣ አበባዋ ጉድጓዱ ውስጥ ትቀመጣለች። ከላይ ሌላ ድፍን ካርቶን ጨምረሽ በክር እሰሪው። ሽሮ ቢጫነው ክብደቱን ክፈፉ ይሸከማል። በፌስታል መጠቅለልም አይረሳ፣ የበርበሬ ዘይት ወረቀት ላይ ከደረሰ አለቀ።


ዮናታን ከአራት ኪሎ

ስለ አበባው ሁሉ ተባለ፣ ስለ ጽሑፉ ማንም አላነሣም። እኛ ቤት "እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገራችሁ" የሚል እናስገባለን። እጅ ጽሑፋቸው ያማረ ልጆች ካሉ በጉልህ ይጻፉት።


ጥራዝ ቤት

ዮናታን ወንድሜ፣ እሱ የአምናው ነው! ዘንድሮ ከማርቆስ ወደ ሉቃስ ነው የምንሻገረው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምርና ለአራት አካፍል። ትርፉ አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፣ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ሉቃስ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ይኼን ሳናሰላ አንድ ካርድ አናትምም፤ ሙሉ ጥቅል ተበላሽቶ ሲመለስ ማየት አትፈልግም።


ዮናታን ከአራት ኪሎ

አመሰግናለሁ፣ አዳንከኝ 🙏


የቅመም ልጅ

የጊቢው ልጆች በየቤቱ የሚዞሩ ከሆነ ወንጌላዊውን ባታስገቡ ጥሩ ይመስለኛል። ሙስሊሙም ጴንጤውም ጎረቤት ነው። "እንኳን አደረሳችሁ፣ መልካም አዲስ ዓመት 2019" ሁሉንም ቤት ይገባል።


የጉለሌዋ

እንደዚያ ነው ያደረግነው፤ ለእህቴ ብቻ ከሉቃስ ጋር ይጻፍላታል።

ያለንበትን ልንገራችሁ። ወፍራሙን ወረቀት አገኘሁ፣ 250 ግራም ነው አለኝ ባለሱቁ። ጎንበስ አድርጌ አቅጣጫውን ሳየው እየሳቀ ነበር፣ ይሳቅ። በባዶ እስክሪብቶ አስምረን ስናጥፈው ቀጥ ብሎ ተዘጋ። እርዱን በአልኮል ራሴ በረንዳ ላይ ቀባሁት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረቀ። ሳሙናውን ለልጆቹ ተውኩላቸው፣ ኬሚስቷ እንዳለችው ጩኸቱ ጎረቤት አስወጣ። አሁን አንዱ ልጅ ያገኘውን ነገር ሁሉ እርድ ወረቀት ላይ እየሞከረ ነው፤ አመድ፣ ኮምጣጤ፣ የአባቱን መላጫ ሳሙና።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ግንዱንና አረንጓዴ ቅጠሉን በምን እንሥራው? በቀለም ብንስለው ከወረቀቱ አበባ ጋር አልሄደም፣ ተለያየብን።


ከእንጦጦ ሥር

የአደይ አረንጓዴ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፣ ድፍን ሞላላ አታድርጉት። አረንጓዴ ወረቀት በቁመቱ አጥፋችሁ ከአንድ ወገን በሰያፍ በሰያፍ ሰንጥቁት፣ ሲዘረጋ በሁለቱም በኩል እኩል ይወጣል። ግንዱ ቀጭን ይሁን፣ ከ2 ሚሊ አይብለጥ። ቀጥ ብሎም አይቁም፣ አደይ ትንሽ ዘንበል ትላለች።


ቤዛ የሀዋሳዋ

ከሥሩ ደግሞ ቄጠማ አድርጉበት! አረንጓዴውን ወረቀት ቀጫጭን ሰንጥቃችሁ በመቀሱ ጀርባ ሳብ ስታደርጉት ይጠቀለላል፣ የካርዱ ግርጌ ላይ በተን። ትርፍራፊውም ያልቃል፣ ጋሼም ስንት ቄጠማ እንዳለ አይቆጥሩብንም።


ከእንጦጦ ሥር

እቆጥራለሁ። ስትጨርሱ ፎቶ ላኩ።